«ና» ስል የመጣችው

እናቴ ድሬዳዋ ከተቀበረች ወዲህ መዝሙር አፌ ላይ ደርቆ ቀረ። ለቀብሯ አልደረስኩም ነበር። እኔ የምኖርበት ጅቡቲ የእረፍት ቀኑ አርብ ስለሆነ በቤተ ክርስቲያናችን እኛም የምናመልከው አርብ ነው። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ፣ እኔ ከመዘምራኑ መካከል ቆሜ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንትሌተር አያለሁ። «ህልውናህ ሞላን» እያልኩ እዋሻለሁ። በጌታ ተናድጄ ነበር፤ የሁሉን ቤት ያውቃል፣ የእኔ ሲሆን መንገዱ ይጠፋዋል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሃያብለ ሰፈር ካለችው የቆርቆሮ ቤቴ ወለል ላይ ተጋድሜያለሁ። መብራት ጠፍቷል። የዚህ አገር ሙቀት እንቅልፍም ንቃትም ያልሆነ ቦታ ይወስዳል። ግድግዳው ቀስ ብሎ የሚተነፍስ መሰለኝ፤ የእናቴ ነጠላ ጥለት በዓይኔ ላይ እየመጣ ይሄዳል። ሳላስበው አንዲት ቃል ብቻ ማዜም ጀመርኩ።

«ና... ና...»

ዛሬ ካልመጣህ ነገ ከመዘምራኑ እወጣለሁ፣ አልኩት በልቤ። ከምሬ ነበር። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስረዘምኩት፤ «ናአ...»

በሩ ተንኳኳ።

በአንድ ቆርቆሮ የምንለያየው ሶማሌዋ ጎረቤቴ ናት፤ አሮጊት ናት፣ ልጅነቷን ድሬዳዋ ስላሳለፈች አማርኛ ታውቃለች። በጆግ ውሃ ይዛ ታለከልካለች።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ትጠሪኛለሽ፣ ትጠሪኛለሽ!»

መቼ እንደጠራኋት ግራ ገባኝ። ቆይቶ ነው የበራልኝ፤ በሶማሊኛ ሴት የምትጠራው «ናአ» ተብላ ነው። እሷም እኔን በግድግዳው በኩል የምትጠራኝ እንደዚያው ነው።

«አንቺን አይደለም እማማ፣ እግዜርን ነው» አልኳት፤ ሳቄ መጣ።

እሷ አልሳቀችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ የሻሿን ጫፍ በውሃው ነከረችና ግንባሬ ላይ አደረገችው።

«ቅርብ ያለሁት እኔ ነኛ» አለች።

እናቴ ትኩሳት ሲይዘኝ እጇ እንደዚህ ነበር የሚከብደው። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ፣ እንደ ሕፃን። እሷ ጨርቁን እያገላበጠች ቆየች።

በማግስቱ ከልቤ ዘመርኩ። አሁንም ቤቴ ሆኜ «ና» ስል በሩን ገርበብ አድርጌ ነው።