የመገበሪያው ስንዴ

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሲሞቱ ለሚስታቸው ለየብርጓል የተዉላት በጣና ዳር ያለች አንዲት ማሳና ከማሳዋ ጋር የተጣበቀ ግዴታ ነው፤ በየዓመቱ ለቁርባን የሚሆነውን የመገበሪያ ስንዴ ለቤተ ክርስቲያኑ ማስገባት። ስንዴው ከጎደለ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። መሬቱ ደግሞ ቀይ አፈር ነው፤ ቀይ አፈር ሆዳም ነው፣ ያጎረሱትን ሁሉ ውጦ ለሰብሉ አያካፍልም።

የዓሣ አጥንት አቃጥላና ፈጭታ ለአፈሩ ማዳበሪያ እንድትሞክር የመከራት ጎረቤቷ ሳሊህ ነበር፤ ሙስሊም ዓሣ አስጋሪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዱቄቱን በማሳው ሁሉ ላይ በተነችው፤ አፈሩ በላውና ዝም አለ። በሁለተኛው ግን ከፍግ ጋር ለውሳ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከዘሩ ሥር በትልሙ ውስጥ ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች አኖረችው። መንደሩ «ሴትዮዋ አፈር ታጎርሳለች» እያለ ሳቀ። ስንዴው ሲታጨድ የሳቀው ሁሉ አፉን ያዘ። ዓሣ ደግሞ ጣጣ የለበትም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ዓሣ ግን አይታረድምና ለሁለቱም ንጹሕ ነው።

በሦስተኛው ክረምት ጣሊያን «አርበኛ ታሻግራላችሁ» ብሎ በባሕሩ ዳር ያገኘውን ታንኳ ሁሉ አቃጠለ። የሳሊህም ነደደ። ታንኳ ከሌለ ዓሣ የለም፣ ዓሣ ከሌለ አጥንት የለም። ሆኖም ዘር ሊዘራ ሲል ሳሊህ አንድ ስልቻ የተፈጨ አጥንት ተሸክሞ መጣ።

«የዓሣ ነው?» አለችው።

«የዓሣ ነው፣ እትየ። ከማዶ ዘመዶቼ ያገኘሁት ነው።»

አመነችው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ?

ስንዴው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። በመስከረም ለአረም ጎንበስ እንዳለች ጣቷ ጠንካራ ነገር ነካ። አውጥታ አየችው፤ በእሳት የጠቆረ የበሬ ጥርስ ነበር። በሬ ደግሞ ይታረዳል።

ሳሊህን አስጠርታ መዳፏን ዘረጋችለት። አየና አንገቱን ደፋ።

«ከጣሊያን ሰፈር፣ ከማረጃው ጓሮ ነው የለቀምሁት። ቢያዩኝ በጥይት ነበር የሚሉኝ። መሬትዎን ሊነጥቁዎት ነው ብየ ነው።»

«ያረደውስ ማን ነው?»

«የጣሊያን ወታደር የሆነ አስካሪ ይሁን ጣሊያን ራሱ ምን አውቄ! እሳት የበላው አጥንት ምን ሃይማኖት አለው? ወደ ባሕሩ ይወርውሩት፣ እትየ። ማን ያያል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያይም። ልትወረውረውም እጇን አንሥታ ነበር። ግን ያ ስንዴ ነገ ሥጋ ወደሙ ሊሆን ነው፤ ያን ስታስብ ፈራች፣ እጇም ወረደ።

የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ አለቃ ሀብተ ሥላሴ ወስዳ የሰጠቻቸውን ጥርስ ሲያገላብጡ ቆዩ።

«ዝም ብትዪ ኖሮ እኔም አላውቅም ነበር» አሏት፤ የተቈጡ ሳይሆን ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «አሁን ግን አወቅሁ። ከየት መጣ?»

የሳሊህ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ስሙ ከወጣ ወሬው ከጣሊያን ጆሮ እንደሚደርስ ታውቃለች።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች።

ስንዴው ለመቅደስ አይሆንም ተባለ፤ መሬቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ። የብርጓል ያን ያማረ ስንዴ አጭዳ ወደ ሳሊህ ቤት አስጫነችው፤ ልጆቹ ዓሣ ከጠፋ ወዲህ ሆዳቸው ሞልቶ አያውቅም ነበር። ሚስቱ ዘይቱና አልቅሳ ተቀበለቻት። ሳሊህ ግን ከቤት አልወጣም፤ ዓይኗን ማየት አቃተው።

በሚቀጥለው ክረምት አዲሱ ባለመሬት ፍጉን በእጁ እየዘገነ በማሳው ሁሉ ሲበትን፣ የብርጓል ከድንበሩ ቆማ አየችው። ያ ሆዳም አፈር ሁሉንም ሲውጠው ታያት። «ከዘሩ ሥር ነው፣ በትልሙ ውስጥ» ልትለው አፏን ከፈተች። መገበሪያ አረከሰች የተባለችን ሴት ማን ይሰማል? አፏን መልሳ ዘጋች። ጣቶቿ ግን በነጠላዋ ሥር ባዶውን ይቆነጥሩ ነበር።