ድምፅ ያጣው የአባታችን ፊልም

የእህቴ ባል ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ የገመዱን ጫፍ በጥጥ ይጠርጋል። እፍ ይልበታል፣ ይሰካዋል፣ ነቅሎ ደግሞ ይጠርገዋል። ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ሥራ መፍታት አይወዱም። ሰፈርተኛው «ይሙቅ» ይለዋል። የድሮዎቹ ትልልቅ ሬዲዮዎች ሳይሞቁ ድምፅ ስለማይሰጡ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «አትቸኩል፣ መጀመሪያ ይሙቅ» ይል ነበር።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የጣለውን ኮምፒውተር ጠግኖ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫነበትና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። የቤቱ ፊልም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። አባታችን ሲናገሩ የተቀረጹበትም አለ፤ ሌላ የድምፃቸው ቅሪት የለንም። ያን ቀን የአባታችን እህት፣ አክስታችን፣ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ ከመሄዳቸው በፊት የወንድማቸውን ድምፅ ሊሰሙ ጓጉተዋል። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ተመልሰው መምጣታቸውን እንጃ።

ወትሮ ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው እህቴ ናት። ያን ቀን ግን ይሙቅ «እንግዳ አለ፣ ማንም እንዳይነካ!» ብሎ ሁሉንም ራሱ ያዘ።

ምስሉ መጣ። አባታችን ወንበራቸው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድምፅ ግን ጭጭ።

«ምን አለ?» አሉ አክስታችን አንገታቸውን አስግገው።

«ገና ነው እማማ፣ ይሙቅ።»

«እስካሁን የጋልኩት እኔ ብቻ ነኝ!» አለች እህቴ። «ትኬቱስ? መናኸሪያ ሂድ አላልኩህም?»

«እሄዳለሁ፣ አንዴ ብቻ።»

ያ «አንዴ ብቻ» ጠዋቱን በላው። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ይጽፋል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ያወርዳል። «ድምፅ አለ ይላል እኮ! ካለ ታዲያ የታለ?» ይልና ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል። ኮምፒውተሩን ያስነሳል፣ እስኪሞቅ መዳፉን ከላዩ ጭኖ ይጠብቃል፣ ቴሌቪዥኑን መጨረሻ ይከፍታል። ያው ጭጭ።

«ይህን ቆርቆሮ ዛሬውኑ ለብረት ገዢው ካልሰጠሁት ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» አለች እህቴ። እኔ በሰው ትዳር መሀል ምን አገባኝ ብዬ ሹራቤን እሠራለሁ።

ይሙቅ አሁንም ሊያጠፋ ሪሞቱን ቢፈልግ አጣው። አክስታችን ከጭናቸው ሥር ደብቀውታል።

«እማማ፣ ይስጡኝ፣ ቴሌቪዥኑን ላጥፋው።»

«አልሰጥም። ባጠፋኸው ቁጥር ወንድሜን ነው የምታጠፋብኝ። ሳጥንህን እንዳሻህ አድርገው፤ ይኼ ግን አይጠፋም!»

«እንዲህማ አይሠራም እማማ!»

«እስካሁንስ መቼ ሠራ?»

ይሙቅ በንዴት፣ ቴሌቪዥኑ እንደበራ፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አጥፍቶ አስነሳው። ፊልሙን ሲከፍተው የአባታችን ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«በሩን ዝጉ እንጂ! ብርድ አስገባችሁብኝ እኮ!»

አክስታችን ዞር ብለው የእኛን በር አዩ። «ሂጂ ዝጊው» አሉኝ ቀስ ብለው። ሄጄ ዘጋሁት።

ይሙቅ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለካ ማሽኑ ሲነሳ ቴሌቪዥኑን ጠፍቶ ካገኘው፣ ድምፁን ምንም ወዳልተሰካበት ቀዳዳ ይልከው ኖሯል። መቅደም የነበረበት ቴሌቪዥኑ ነው።

«እኔ ሁሌ ቴሌቪዥኑን ነው የማስቀድመው፤ ብነካው ኖሮ ገና ጠዋት ይናገር ነበር» አለች እህቴ።

«ዝም በይና ላዳምጥበት» አሏት አክስታችን። «ድገመው፣ ልጄ።»

ደገመው። እንደገና ሲጀምር እህቴ ሰዓቱን አየች። «አንተ ሰውዬ! ትኬቱ!»

ይሙቅ ብድግ ብሎ ኮቱን አነሳ።

«ወዴት ነው?» አሉት አክስታችን ዓይናቸውን ከወንድማቸው ሳይነቅሉ። «ነገም አውቶቡስ አለ። ቁጭ በል፣ አትጋርደኝ።»

አንዱን እጅጌ እንዳጠለቀ ተቀመጠ። ትኬቱ ሳይቆረጥ ቀረ።