አራት ፀረ ቫይረስ

ሰውዬው የቤታቸውን ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደታመመ ልጅ አቅፈው ወደ ጥገና ቤቱ ገቡ። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ከቀበቷቸው ላይ የተንጠለጠሉት ቁልፎች በተራመዱ ቁጥር ይንሿሿሉ። ከመቀመጣቸው በፊት የበሩን መቀርቀሪያ ነካ ነካ አድርገው አዩት።

«ድንገት ተንቀራፈፈብኝ» አሉ። «አንድ ፎቶ እስኪከፍት ጢሜ ያድጋል።»

ጠጋኟ ከፍታ ስታይ ሳቋ አመለጣት። «አባባ፣ አራት ፀረ ቫይረስ ጭነውበታል እኮ! እርስ በርስ ሲጠባበቁ ነው ሥራ ያስፈቱት። አንዱ ይበቃል።»

«አንድ ጠባቂ ብቻ?» ፊታቸው ተኮሳተረ። «አይሆንም!»

«ለምን?»

ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጋዘን ለብቻዬ ጠብቄአለሁ። አንድም ሌሊት ነቅቼ አላደርኩም።»