ሸኩር ያዛወረው ሜሞሪ

ተክለጻድቅና ሸኩር ጅማ፣ አወቱ መንደራ ውስጥ ጠባብ ቪዲዮ ቤት ከፍተው ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ተክለጻድቅ ካሜራ ተሸክሞ ከሠርግ ሠርግ ይዞራል፤ ሸኩር ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ምስሉን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ዘፈን ያስገባበታል። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ከአጋሮ እስከ ሰኮሩ ሠርግ በሠርግ ስለሚሆን ያን ጊዜ ፋታ የላቸውም።

ከሚሊኒየሙ በኋላ በመጣው የሠርግ ወራት ኮምፒዩተሩ ለገመ። ትንሽ ሠርቶ «ሜሞሪ አነሰ» ይልና ቀጥ ይላል።

«ሲ የሚባለው ዋናው ዲስክ ሞልቷል» አለ ሸኩር። «ኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ሲያንሰው ትርፉን የሚያራግፍበት ፋይል አለ፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ ይሉታል። ሲ ላይ መፈናፈኛ አጣ። ወደ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላዛውረው።»

«ሠርጎቹ ያሉት እኮ እዚያ ነው!»

«ኧረ ማሎ፣ ተክሌ! ባዶው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሠርጎቹን አይነካም።»

ተክለጻድቅ እያጉረመረመ ተስማማ። ሸኩር ፋይሉን ወደ ሁለተኛው ዲስክ አዛውሮ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራው። ማሽኑ እንደ አዲስ ሆነ።

በሳምንቱ ተክለጻድቅ ኳስ ሊያይ ኮምፒዩተሩን ከመብራት መዋዠቅ የሚጠብቀውን ስታብላይዘር ነቅሎ ቤቱ ወሰደው። የሰፈሩ መብራት ስለሚዋዥቅ ለአዲሱ ቴሌቪዥኑ ሳስቶ ነው። ሳይመልሰውም ቀረ። ሥራ ተደራርቦበት የነበረው ሸኩር እንዲያው በቀጥታ ሰክቶ ሲሠራ መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሲመጣ ሁለተኛው ዲስክ አልነሳ አለ።

ናርዲ የምትባል የሰኮሩ ሙሽራ የሠርጓን ቪዲዮ ልትወስድ መጣች። አባቷ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ስላረፉ ጥቁር ለብሳለች።

«ሌላው ይቅር፤ አባዬ ሲመርቀኝ ያለበትን ብቻ ስጡኝ» አለች።

ሠርጓ የተቀረጸበት ካሴት ላይ ሌላ ሠርግ ተቀድቶበታል። ተክለጻድቅ የሚገባበት ጠፋው።

«እሱ ነው!» አለ ወደ ሸኩር እየጠቆመ። «ሜሞሪ አዛውራለሁ ብሎ ነካክቶ አበላሸው!»

ሸኩር ከጠረጴዛው ሥር ስታብላይዘሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየት አደረገ። ተክለጻድቅም ሲያይ አየው። ሸኩር «ይቅርታ፣ እህቴ» ብቻ ብሎ ወጣ፤ በማግስቱም አልተመለሰ።

ዲስኩን ያየው ጠጋኝ «መብራት ነው ያቃጠለው» ቢለውም ተክለጻድቅ ነገሩን ያኔውኑ ያውቀው ነበር። እውነቱን ሊናገር እያሰበ፣ ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አጋሮ ሄዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚኖረውን ሸኩርን አገኘው።

«አፉ በለኝ፣ ሸኩር። ተመለስና አብረን እንሥራ።»

«ወላሂ፣ እኔ ቂም የለኝም። ግን አልመለስም» አለ ሸኩር ወንበር እየሳበለት። «ለልጅቷስ ነግረሃታል?»

አልነገራትም። በሌላ ቀን ሰኮሩ ወረደ። ናርዲ ልጅ አዝላ በር ላይ ቆማ፣ ጥፋቱ የራሱ እንጂ የሸኩር እንዳልነበረ ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ያንን ሰው ስንት ጊዜ እንደረገምኩት ያውቃሉ?» አለችው።

ደህና ይሁኑ ሳትለው ገባች።