ከቦርሳዬ የፈሰሰው ዘይት

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ብርዱ ገብቶ ሰው ሁሉ ካፖርት በደረበበት ሰሞን። ሆላንድ፣ ሮተርዳም በምትገኘው ትንሿ ጉባኤያችን ታሪኩን የማያውቅ የለም። ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚያወራው፤ አንዱ እየሳቀ፣ ሌላው እያማተበ ባይሆንም ራሱን እየነቀነቀ። ወሬው ዴን ሃግ ከተማ ደርሶ፣ ተጨማምሮበት፣ ተመልሶ እኔው ጆሮ የገባ ቀን ግን የነገሩ ባለቤት እኔ ነኝና እኔው ልጻፈው አልኩ።

ሲጋራ የጀመርኩት ዛንዳም ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ነው። እዚያ የሚያጨስ ሰው ውጭ ወጥቶ ያርፋል፤ የማያጨስ ካርቶን ይደረድራል። እኔም ማረፍ አማረኝና ጀመርኩ። በኋላ ቭላርዲንገን በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝቼ መጋዘኑን ስለቅ ሲጋራው አብሮኝ መጣ። ዘጠኝ ዓመት አጨስኩ። በጸሎትም፣ በማስቲካም ሞከርኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ያላቀቀኝ ፈሳሽ የሚሞላበት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ሲስቡት ፈሳሹን አሙቆ እንፋሎት ያደርገዋል፤ እሳት የለው፣ አመድ የለው። እኔ የምወደው ቀረፋና ቫኒላ የሚሸተውን ነበር። የምነግራችሁ ቀን አንድ ሲጋራ ሳልነካ ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ በጴንጤ ጉባኤ ፊት ማይክ ይዤ የምዘምር፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ሴት ስታጨስ እኛ ዘንድ ምን እንደምትባል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ይቺ ዕቃ ማፍሰስ ጀመረች። መጀመሪያ የሥራ ልብሴን ኪስ አበላሸች። ከትራም ፌርማታዬ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ወሰድኳት። ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሱሪናማዊ ነው፤ ፈሳሽ የሚሞላበትን ታንክ ፈታትቶ የታችኛውን የጎማ ቀለበት ቀየረልኝ። ሁለት ቀን ደህና ቆየችና እንደገና አፈሰሰች። ፈሳሹን የሚያሞቀውን ጥቅልል ሽቦ ቀየርኩ። ቀጭን ፈሳሽ ይሾልካል ስላለኝ ወፍራሙን ገዛሁ። ምናልባት እስከ አፏ ስለምሞላት ይሆናል ብዬ በግማሽ መሙላት ጀመርኩ። ምንም ለውጥ የለም። እልህ ያዘኝ። የመጦሪያውን አልጋና ዊልቸር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧውን ሳይቀር የማስተካክል ሴት፣ አውራ ጣት የምታክል ብልቃጥ ታሸንፈኝ?

ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ዘማሪዎች ወደ መድረክ ስንወጣ ቦርሳችንን የፊት ረድፍ ወንበሮች ላይ እንተዋለን። ያን እሑድ የኔ ወንበር ማሞቂያው ጥግ ያለው ነበር። ዕቃዬን ማንም እንዳያያት በጨርቅ የመነጽር ማኅደር ውስጥ አጋድሜ፣ በስስ ሻርፕ ጠቅልዬ፣ በጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከታች ቀብሬያታለሁ።

የጸሎት ሰዓት ሲደርስ እኛ ዘንድ ሰው ወደ ወንበሩ ዞሮ ይንበረከካል፤ ክርኑን መቀመጫው ላይ አስደግፎ፣ ፊቱን በመዳፉ ይዞ። እትዬ አስናቀች ወደ ፊት መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ትልቅ ትንሹ የሚያከብራቸው የጸሎት እናት ናቸው። ቦርሳዬን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፉና የኔ ወንበር ላይ ተደፉ። እኔ መድረክ ላይ ሆኜ ዝግ ባለ ድምፅ እየዘመርኩ ነበር።

ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ። መዳፋቸውን አዩት። አሸተቱት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ «ዘይት ነው» አሉ። «ጌታ ዘይት አፈሰሰ። ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ሙሴ አዘጋጅ የተባለው የቅባት ዘይትም ቀረፋ ነበረበት።»

አዳራሹ በለቅሶና በእልልታ ተናወጠ። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ሰው ደስ ብሎታል፣ እኔም አልተነቃብኝም፤ ሲበተኑ ወንበሩን ጠርጌ እሄዳለሁ ብዬ አሰብኩ። መዝሙሩንም አላቋረጥኩም። ይህን የምጽፈው ስለሚያኮራኝ አይደለም።

እትዬ ግን ሰናይትን ጠሩ። ሰናይት የአሥር ወር ልጅ አላት። የልጁ ጉንጭና ክርን በኤክዜማ ቆስሎ ሲያከው ነው የሚያድረው። «ሃውስአርትሱ ዛልፍ ከመስጠት በቀር ሌላ አያውቅም» እያለች ታማርር ነበር፤ የቤተሰብ ሐኪሟ ያንኑ ቅባት እየደጋገመ ይሰጠኛል ማለቷ ነው። ልጇን ታቅፋ እያለቀሰች ወደ ፊት ወጣች። እትዬ ጣታቸውን ወንበሩ ላይ ከቀረው ፈሳሽ ነክረው ወደ ልጁ የተላጠ ጉንጭ ዘረጉ። የምገዛው ጠርሙስ ላይ ከሕፃናት አርቁ፣ ቆዳ አታስነኩ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። በየሳምንቱ የማየው ጽሑፍ ነው።

«እትዬ፣ አይንኩት» አልኩ። ማይኩ አፌ ላይ ስለነበር ድምፄ አዳራሹን ሞላው። «ከኔ ቦርሳ የፈሰሰ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዬ ፈሳሽ ነው፤ ኒኮቲን አለበት። ለልጁ መርዝ ነው።»

ኪቦርዱ ቆመ። ሰናይት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እትዬ ጣታቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ወርጄ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኳቸውና እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩላቸው። እያጠብኩም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አንድ የመማሪያ ክፍል ጠሩኝ። ተናጋሪው ወንድም ግርማ ነበር፤ ዴን ሃግ ቢሮ የሚሠራ፣ ሲናገር ቃለ ጉባኤ የሚያጽፍ የሚመስል ሰው።

«ጉዳዩን ለብቻችን ብትነግሪን ኖሮ በጥበብ እንይዘው ነበር» አለኝ።

«ለብቻችሁ እስክነግራችሁ ልጁ ይቀባ?»

«እሱን አላልኩም። ግን ሕዝቡ ተሰናክሏል። የሚቀጥለው እሑድ ወጥተሽ ንስሐ ትገቢያለሽ፣ ዕቃውን ለኛ ታስረክቢያለሽ፣ ከዝማሬም ለጊዜው ታርፊያለሽ።»

ደሜ ፈላ። «ካስረከብኳችሁ ነገ ሲጋራ እገዛለሁ» አልኩ። «ዘጠኝ ዓመት ሳጨስ አንዳችሁም አልጠራችሁኝም። ከተውኩ ሰባት ወር ሲሆነኝ ጠራችሁኝ። መደበቄ ጥፋት ነው፤ እትዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሕዝቡንም እጠይቃለሁ። ማይኩን ውሰዱት። ዕቃዬን ግን አልሰጥም። ከሲጋራ ስለተላቀቅኩ ደግሞ ንስሐ አልገባም።»

ወንድም ግርማ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ለጊዜው ታርፊያለሽ» ብሎ ደገመው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ የሆነውን ስነግረው አልሳቀም። የት እንደማስቀምጣት ጠየቀኝ። አጋድሜ፣ ጠቅልዬ፣ ቦርሳ ሥር፣ ያን ቀን ደግሞ ማሞቂያ ጥግ አልኩት።

«ዕቃሽ ደህና ነው» አለኝ በደችኛ። «ሲጋደም ፈሳሹ በአየር ቀዳዳው ይወጣል። ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥናል፣ ውስጥ ያለው አየርም ይገፋዋል። ቀዳዳውን ዘግተሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው።»

እንግዲህ ስንት ሳምንት ቀለበት ስቀያይር፣ ሽቦ ስለውጥ የከረምኩት በከንቱ ነው። የምታፈሰው ስለምደብቃት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጫፏ ይታያል፣ የሚያይ ይይ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

እሑድ እሑድ መሄዴን አልተውኩም። የሕዝቡን ይቅርታ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ጠየቅኩ፤ አንዳንዱ ተቀበለኝ፣ አንዳንዱ ተአምሩን ሊያቋርጥ ሰይጣን ተጠቀመባት አለ። የኋላ ረድፍ ላይ ስቀመጥ ግራና ቀኜ ባዶ ይሆን ነበር። ድምፄን ግን አልቀነስኩም። ያለ ማይክም ይሰማል።

በአራተኛው እሑድ፣ በጸሎት ሰዓት፣ እትዬ አስናቀች ከፊት ረድፍ ተነስተው ወደ ኋላ መጡ። እስከዚያ ቀን ዓይናቸውን ማየት እያቃተኝ በሌላ በር ነበር የምወጣው። አጠገቤ ጉልበታቸውን በጭንቅ አጠፉና ተንበረከኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እየሸሸሽኝ ነው» አሉኝ።

«በሰው ፊት አሳፈርኩዎት፣ እትዬ።»

«ልጁን ቀብቼው ቢሆን ነበር እስክሞት የማፍረው። በይ ጠጋ በይ፣ ወንበሩ ይበቃናል።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሊሆን ነው። መድረኩ ላይ አልተመለስኩም፣ መልሱኝ ብዬም አልለመንኩም። ሲጋራ እስከ ዛሬ አልነካሁም። ያቺን ዕቃ መቼ እንደምተዋት ለሚጠይቁኝ ሁሉ የኔ ጉዳይ ነው እላለሁ። የሰናይት ልጅ አድጎ በአዳራሹ ወንበሮች መካከል እየሮጠ ጸሎት ያስቸግራል።

አንዳንድ ሰው ዛሬም፣ «ያኔ ዝም ብትዪ መድረክ ላይ ነበርሽ» ይለኛል። እውነት ነው፣ እዚያው ነበርኩ። ግን ያንን ልጅ ከመድረክ ባየሁት ቁጥር ድምፅ ከየት አመጣ ነበር?