አራት ጎማ ለሁለት መኪና

አራት አዲስ ጎማ ተፈቀደልን የተባለ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። በደርግ ጊዜ የመንግሥት መኪና ጎማ በፈለጉት ቀን ገበያ ወጥተው የሚገዙት ዕቃ አልነበረም። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ከዚያ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ይመጣል። እኛ ኮልፌ ውስጥ ለገበሬው ዘርና መድኃኒት የምናደርስ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነበርን። ያሉን ሁለት ጂፖች ብቻ ናቸው። አንደኛዋን እኔ እነዳለሁ፤ ሌላዋን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሾፌር ይነዳሉ። የሁለቱም ጎማ መላጣ ከሆነ ቆይቷል።

አራቱ ጎማ ለየትኛዋ ይሁን? ለዚህ ስብሰባ ተጠራ። ለጎማ ስብሰባ! ያን ጊዜ ያለ ስብሰባ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ከዘበኛው ጀምሮ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ታጎርን። እኔ ደግሞ ወጣት ነኝ፣ አፌ ከአእምሮዬ ይቀድማል። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኩልነት ካልን በወሬ ብቻ መቅረት የለበትም። ሁለት ለጋሼ፣ ሁለት ለእኔ ይሁን» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኩልነት አስጨንቆኝ አልነበረም። ጋሼ በአገልግሎት ስለሚበልጡኝ ተራው የእሳቸው ነበር፤ አራቱንም ጠቅልለው እንዳይወስዱብኝ ነው የሰጋሁት። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

«መኪና እንደ ዳቦ አይቆረስም» አሉ። «እነዚህ አራቱም እግራቸው አንድ ላይ የሚስብ መኪኖች ናቸው። አዲስና ያለቀ ጎማ አብሮ አይሄድም። ለአንዳችን አራቱንም ስጡ፤ ለእሱም ቢሆን።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው ይህ የድሮ አስተሳሰብ መሆኑን አስረዷቸው። እጅ ተቆጠረ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ጋሼ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። በማግስቱ ሁለቱ አዲስ ጎማዎች ከኋላ ተገጠሙልኝ፤ ለጋሼም እንዲሁ፤ የፊቶቹ እንደተላጡ ቀሩ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልሆነም። በደረቅ መንገድ ጂፗ የምትነዳው በኋላ እግሯ ብቻ ስለሆነ ችግሩ አይታይም። እኔም ጋሼን ባየሁ ቁጥር በሆዴ «የታል ያሉት?» እላቸው ነበር። ከዚያ ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ከቀራንዮ ወዲያ ካለው መጋዘን ዘር አምጣ ተባልኩና ሄድኩ። የዚያን አገር ጭቃ ያላየ ሰው ጭቃ አየሁ አይበል። ከማርሹ ጎን ቀይ ራስ ያላት አጭር ዘንግ አለች፤ እሷን ሲገፏት የፊት እግሮቹም መሳብ ይጀምራሉ። ገፋኋት፤ መኪናዋም እንደ ፍየል ቀጥ ብላ ወጣችው።

አስፋልት ስረግጥ ዘንጓን ልመልሳት ሳብኩ። እምቢ አለች። በሁለት እጄ ሳብኩ፣ በጫማዬ ረገጥኩ፣ ተሳደብኩ። እየሄድኩ ትላቀቃለች ብዬ ነዳሁ፤ ጥፋቴም ይሄ ነበር። መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ፣ ጎማዎቹ ሲጥ ሲጥ አሉ። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስደርስ ከሥር «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። ውይይት ታክሲዎች ከኋላዬ ተደርድረው ጥሩምባቸውን ያንባርቁብኝ ጀመር።

የመጣልኝ ሰው ግን ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ ነው።

«ምን ሆነች?»

«ተበላሸች፣ ጓድ።»

«ተበላሸች ወይስ አበላሸሃት?»

ይህ ጥያቄ ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ሞተር የተቃጠለበት አንድ የማውቀው ሾፌር «አሻጥር ሠርቷል» ተብሎ ከተወሰደ አራት ወሩ ነው፤ የት እንዳለ ቤተሰቦቹ እንኳ አያውቁም። የእኔ ሚስት ደግሞ የሁለት ሳምንት አራስ ናት። ጠባቂው የታርጋ ቁጥሬን ደብተሩ ላይ ጻፈና «እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሣች ጉዳዩ ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ አንተም አብረህ» አለኝ። ሰዓቱ አምስት አልፏል።

ማዞሪያው ላይ ካለ ቡና ቤት ስልክ ለምኜ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ በራሳቸው ጂፕ ደረሱ። «ብዬህ አልነበር?» ይሉኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አላሉም። መኪናዬን ዞሩና የፊቱን ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ የኋላውን ዳሰሱ።

«የፊቱን አስገብተህ ነው አስፋልት ላይ የመጣኸው?»

«አዎ፣ ጋሼ። አልወጣ አለኝ።»

«ግባና ወደ ኋላ ንዳ።»

«ወደ ኋላ?»

«ያለቀው ጎማ አጥሯል፤ አንድ መንገድ ለመሄድ ብዙ መዞር አለበት። አዲሱ ግን ትንሽ ዞሮ ይደርሳል። ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ ስትነዳቸው ውስጡ እንደ ገመድ ይከርራል። የከረረውን በመጣበት መመለስ ነው። ግባ በል።»

ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞሩ። «የእኔ ልጅ፣ እባክህ እነዚህን ታክሲዎች ገለል አድርግልን» አሉት። እሱም እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን እያወናጨፈ መንገዱን አስለቀቀልን።

አስነሣሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ወደ ኋላ ነዳሁ። አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ ምንም የለም። ሃያ እርምጃ ሄድኩ፤ ላቡ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ይወርዳል። ጋሼ «ቀጥል፣ አትፍራ» ይሉኛል። ሠላሳ ያህል ስደርስ ከሥር «ቀጭ» አለ፤ ያቺ በጫማ ብረግጣት እምቢ ያለችኝ ዘንግ በሁለት ጣቴ ስነካት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እፎይ! ፍሬኑን ረግጬ አቆምኳት። ያን ቀን ወንድ ልጅ እልል ማለት ቢፈቀድለት ኖሮ ማዞሪያው መሀል እልል እል ነበር።

«ደህና ናት ማለት ነው?» አለ ጠባቂው።

«ምን ትሆናለች» አሉት ጋሼ። ጠባቂው ደብተሩን አውጥቶ ታርጋዬን የጻፈባትን መስመር ሰረዘና ወደ ጥበቃው ተመለሰ።

ላመሰግናቸው ስጀምር ጋሼ «መጀመሪያ ክሪክህን አውጣ» አሉኝ። መኪኖቹን ዳር አስይዘን ጎን ለጎን አቆምናቸው። ከእሳቸው ጂፕ ኋላ ሁለቱን አዲስ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ፈቱና ወደ እኔ አንከባለሏቸው። አራቱም አዲስ ለእኔ፣ አራቱም መላጣ ለእሳቸው ሊሆን ነው።

«ኧረ አይሆንም ጋሼ! እርስዎ ይውሰዱ፣ ተራው የእርስዎ ነበር። ደግሞ ስብሰባው...»

«ሊቀመንበሩ የሚያዩት ወረቀት ነው፣ ጎማ ጎንበስ ብለው አያዩም። ገጠር የምትወጣው አንተ ነህ፤ እኔ ከአስኮ አላልፍም።»

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ለእኩልነት ብዬ አይደለም የተናገርኩት። አራቱን እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ቡሎኑን አጥብቅ።»

ወደ መሥሪያ ቤት ስንመለስ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ነበርን። ዝናብ ጀመረ። በመላጣ ጎማቸው አስፋልቱ ላይ ቀስ እያሉ ሲሄዱ እያየሁ እንዳይንሸራተቱ ስለት ተሳልኩላቸው፤ አልተንሸራተቱም።

ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ገና ብርሃን ነበር። ሚስቴ ሕፃኑን አቅፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬስ በጊዜ መጣህ» አለችኝ።

«አዎ፣ መጣሁ» አልኳት። ሌላም ልነግራት ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝና በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።