የጥሩወርቅ አርባ ዘጠኝ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት... ቢሮ ስደርስ መሪጌታ ይባቤ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ ማታ ልማር ብላለች፤ የዘጠነኛ ክፍል ካርዷን አውጪልኝ» አሉ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ከሁለት ዓመት በፊት በ49 አማካይ ወድቃ ቤት የቀረች ናት።

እኔ የትምህርት ቤቱ ሪከርድ ሠራተኛ ነኝ። ውጤት የሚደምር ፕሮግራም ራሴ ጽፌ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ። ሰሞኑን ግን ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ሲጠገን፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አብሮ ጠፋ። እንደገና ማውረድ አለብኝ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ደግሞ ኔትወርኩ አንድ ገጽ እስኪከፍት ፀጉር ያሸብታል። ለዚህ ብዬ፣ የሚገኙትን የፓይተን ቨርዥኖች (እትሞች) ስም ብቻ የምትዘረዝር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ከፈትኳት፤ ዝርዝሩ ወረደ።

መሪጌታ ከትከሻዬ በላይ አጮለቁ። «ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«አንድ ቋንቋ ነው የኔታ፤ በየጊዜው የታረመ።»

«አንቺ በየትኛው ተማርሽ?»

«እኔ እንጃ... አንድ መምህር ሲዛወር ጥሎት የሄደ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋን የለውም።»

ሳቁ። «እኛ ዘንድ ሳያስመሰክር ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር የለም! ሊቁ ፊት ቀርቦ፣ መጽሐፉን ከዋናው አስተያይቶ ነው። አንቺ ማን ፊት ቀረብሽ?»

«ማንም ፊት...»

እኔም ሳቅሁ። ከዝርዝሩ አዲሱን መረጥኩ፤ አዲስ እያለ አሮጌ ማን ይወስዳል? ወርዶ ሲያልቅ ምሳ ሰዓት ሆኗል። የድሮው ፕሮግራሜ በአዲሱ አልነሣ ሲለኝ እዚህም እዚያም ቅንፍ ጨማምሬ አስነሣሁት። የጥሩወርቅን ውጤት አስገባሁ። ድምር 547፣ የትምህርቱ ብዛት 11። አማካይ...

49.727።

ወረቀት አውጥቼ በእጄ አካፈልኩ። ያው ነው። አሮጌው ቨርዥን ከነጥብ በኋላ ያለውን እየቆረጠ ሲጥል ኖሯል። በእኛ ደንብ ደግሞ ከግማሽ ያለፈ ወደ ላይ ይሞላል። 49.7 ሃምሳ ነው። ሃምሳ ያልፋል።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ምነው፣ ጠፋ እንዴ?»

«የኔታ... ጥሩወርቅ አልፋ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነፍ እያልኩ ነው ያኖርኳት» አሉ በመጨረሻ። «ነይ፣ ቤት ድረስ መጥተሽ አንቺው ንገሪያት። እኔ በምን አፌ...»

ሄድኩ። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም። ካርዱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ያኔም በእጄ ሠርቼ አምጥቼልዎት ነበርኮ። ‹ኮምፒውተር አይሳሳትም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አላስታወስኩትም። እስከ አሁንም ማስታወስ አቃተኝ።

የሚገኙትን ቨርዥኖች የምትዘረዝር ፕሮግራም አለችኝ። 49 ተብለው የቀሩትን ልጆች ግን ከካርድ ሣጥኑ በእጄ እየዘረዘርኩ ነው... እስካሁን አራት፤ ሣጥኑ ገና አልተጋመሰም።